ክርስቲያን ንስሐ ባልገባበት ኃጢአት ድኅነቱን ያጣልን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ በጥምቀት ከእግዚአብሔር የተወለደ፥ ቅዱስ ሥጋውን በልቶ ክቡር ደሙን የጠጣ ክርስቲያን ኃጢአት ሠርቶ ንስሐ ሳይገባ ቢቀር፥ ያገኘውን ድኅነት ያጣልን? ወይስ አንድ ጊዜ የተሰጠው ጸጋ በምንም ምክንያት አይወሰድበትም?

ይህ ጥያቄ ወደ እኛ የሚመጣው ከሁለት ወገን ነው። አንደኛው ወገን፥ «አምኛለሁና ድኛለሁ፤ ከእንግዲህ የሚያሠጋኝ የለም» ይላል። ሁለተኛው ወገን የሚገኘው ከእኛው ከቤተ ክርስቲያን ልጆች መካከል ነው፤ ይህንኑ ቃል በአፉ ባይናገረውም በሥራው ይናገረዋል። «ተጠምቄአለሁ፤ ማተብ አስሬአለሁ፤ የንስሐ አባት አለኝ፤ በየዓመቱ ግሸን እሳለማለሁ፤ የቀረውን በእርጅናዬ እጨርሰዋለሁ» ብሎ ይቀመጣል። የሁለቱ አነጋገር ቢለያይም መደገፊያቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ያለ ንስሐ መኖር የሚቻል መስሏቸዋል።

አስቀድሞ ድኅነት ምን እንደ ሆነ ማስተዋል ይገባል። ድኅነት በሣጥን ተቈልፎ እንደሚቀመጥ ወርቅ አይደለም፤ ሕይወት ነው፤ ይኸውም ከክርስቶስ ጋር አንድ ሆኖ መኖር ነው። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፥ ሴት ልጅ በ80 ቀንዋ ወደ ጥምቀት ስትቀርብ፥ የክርስትና አባት ወይም እናት ስለ ሕፃኑ ሆነው ወደ ምዕራብ ዞረው ሰይጣንን ይክዳሉ፤ ወደ ምሥራቅ ዞረው በክርስቶስ ያምናሉ። ሕፃኑ ካደገ በኋላ ግን ያ ክሕደትና ያ እምነት የራሱ ሥራ ሊሆን ይገባዋል። ጌታችንም በዮሐንስ ወንጌል በ15ኛው ምዕራፍ ራሱን በወይን ግንድ፥ እኛንም በቅርንጫፍ መስሎ ሲያስተምር፥ በእርሱ የማይኖር ቅርንጫፍ ወደ ውጭ ተጥሎ እንደሚደርቅና በእሳት እንደሚቃጠል ተናግሯል። የደረቀውም ቅርንጫፍ አስቀድሞ በግንዱ ላይ የነበረ ነው፤ ከቶ ያልተተከለ ነበር ማለት አይቻልም።

መጻሕፍትም በዚህ ነገር አንድ ቃል ናቸው። ነቢዩ ሕዝቅኤል በ18ኛውና በ33ኛው ምዕራፍ፥ ጻድቅ ከጽድቁ ተመልሶ ኃጢአትን ቢሠራ የቀድሞ ጽድቁ እንደማይታሰብለት፥ ኃጥእም ከኃጢአቱ ቢመለስ የቀድሞ በደሉ እንደማይቈጠርበት ያስተምራል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለሌሎች ከሰበከ በኋላ ራሱ የተጣለ እንዳይሆን ሥጋውን እንደሚጐስም ለቆሮንቶስ ሰዎች ጽፎአል (1ኛ ቆሮ. 9፥27)። ብርሃነ ዓለም የተባለ ሐዋርያ ስለ ራሱ እንዲህ ከተጠነቀቀ፥ እኛ በምን ተማምነን ያለ ሥጋት እንተኛለን?

ከሁሉ ይልቅ ግን ነገሩን የሚያስረዳው ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል በ18ኛው ምዕራፍ ያስተማረው የባለ ዕዳው አገልጋይ ምሳሌ ነው። ያ አገልጋይ የ10,000 መክሊት ዕዳ ነበረበት፤ ንጉሡ አዘነለትና ዕዳውን ሁሉ ተወለት። ምሕረቱ እውነተኛ ምሕረት ነበር፤ አገልጋዩም ነፃ ወጥቶ ሄደ። ነገር ግን የ100 ዲናር ዕዳ ያለበትን ባልንጀራውን አንቆ ይዞ ወደ ወኅኒ ባስገባው ጊዜ፥ ንጉሡ መልሶ አስጠራው፤ የተተወለትንም ዕዳ እንዲከፍል አሳልፎ ሰጠው። እንግዲህ የተሰጠ ይቅርታ ሊጠፋ እንደሚችል የተናገረው ይቅርታውን የሚሰጠው እርሱ ራሱ ነው። ደግሞም አስተውሉ፤ አገልጋዩ የጠፋው በፊተኛው ዕዳው ብዛት አይደለም፤ የተቀበለውን ምሕረት በልቡ ባለማኖሩ ነው።

በዚህ ስፍራ የሚጠቀሱ ሌሎች ቃላት እንዳሉ እናውቃለን። ጌታችን በጎቹን ከእጁ የሚነጥቃቸው እንደሌለ ተናግሯል (ዮሐ. 10፥28)፤ ጳውሎስም ከክርስቶስ ፍቅር ሊለየን የሚችል ፍጥረት እንደሌለ ለሮሜ ሰዎች ጽፎአል (ሮሜ 8፥38—39)። ይህ ቃል እውነት ነው፤ መጽናኛችንም ነው። ነገር ግን ነጣቂ የለም ማለት፥ በጉ በገዛ ፈቃዱ አይሄድም ማለት አይደለም። ጠላት በግድ አያወጣንም፤ መከራም ሞትም አያስለቅቀንም። እግዚአብሔር ደግሞ ማንንም በግድ በቤቱ አያኖርም። ይኸው ሐዋርያ በዚሁ መልእክት በ11ኛው ምዕራፍ፥ በእምነት የቆሙትን በቸርነቱ ጸንተው ካልኖሩ እነርሱም እንደሚቈረጡ አስጠንቅቋቸዋል።

ይህ ክርክር ዛሬ የተጀመረ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ250 ንጉሥ ዳክዮስ ክርስቲያኖችን ባሳደደ ጊዜ ብዙዎች ፈርተው ለጣዖት ሠዉ። ስደቱ ሲበርድ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሊመለሱ ቢለምኑ፥ በሮም የነበረው ኖቫትያኖስ፥ ቤተ ክርስቲያን እነዚህን ትቀበል ዘንድ አትችልም ብሎ ተለየ። ቤተ ክርስቲያን ግን ይህን ጭካኔ አልተቀበለችም። በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች በ8ኛው ቀኖናቸው፥ ከኖቫትያኖስ ወገን የሚመለሱ ሁሉ በስደት ከወደቁትና ንስሐ ከገቡት ጋር አንድ እንዲሆኑ አዘዙ፤ በ13ኛውም ቀኖናቸው ለሞት የቀረበ ሰው የመጨረሻውን ቍርባን እንዳይከለከል ወሰኑ። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅም ከምንኵስና ለወደቀው ለቴዎድሮስ ጽፎ ተስፋ እንዳይቈርጥ መክሮታል። ከብዙ ዘመን በኋላ ደግሞ ተቃራኒው ትምህርት ተነሣ፤ በ1618 እና በ1619 በሆላንድ አገር በዶርት የተሰበሰቡት የካልቪን ተከታዮች፥ የተመረጠ ሰው ፈጽሞ ከጸጋ አይወድቅም ብለው ወሰኑ። ከዚያ አስቀድሞ ሉተራውያን በ1530 ባወጡት በአውግስቡርግ የእምነት መግለጫ በ12ኛው አንቀጽ፥ የጸደቀ ሰው መንፈስ ቅዱስን ሊያጣ አይችልም የሚሉትን አውግዘዋል። እንግዲህ «አንዴ የዳነ አይጠፋም» የሚለው ትምህርት ከእኛ ወጥተው በሌላ መንገድ በሚሄዱት ሁሉ ዘንድ እንኳ ስምምነት የሌለው መሆኑን ምእመናን ይወቁ።

ቤተ ክርስቲያናችን በሁለቱ መካከል ቆማለች። ለወደቀው፥ «መነሣት አትችልም» አትለውም፤ ለቆመውም፥ «መውደቅ አትችልም» አትለውም። ጴጥሮስና ይሁዳ በአንድ ሌሊት በደሉ፤ አንዱ ካደ፥ አንዱ ሸጠ። ሁለቱም አዘኑ። ጴጥሮስ ግን መራራ ልቅሶ አልቅሶ ወደ ጌታው ተመለሰ፤ ይሁዳ ከጸጸቱ ጋር ወደ ገመድ ሄደ። የለያቸው የበደላቸው ልክ ሳይሆን መመለስና አለመመለስ ነው።

ንስሐ ያልተገባበት ኃጢአት የትኛው ነው ለሚለው ግን በጥንቃቄ መመለስ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ደካሞችን እናስደነግጣለን፥ ደንዳኖችንም እናስተኛለን። ሰው የረሳው ኃጢአት አለ፤ ያላወቀው ስሕተት አለ፤ እየወደቀ እየተነሣ የሚታገለው ክፉ ልማድም አለ። እንዲህ ያለው ሰው በትግል ላይ ነውና ተስፋ አይቍረጥ፤ ወደ ንስሐ አባቱ መመላለሱን አይተው። ነፍስን የሚገድለው ሰው ዐውቆ የያዘው፥ ልተው ቢል የሚችለው፥ ነገር ግን አልለቅም ብሎ ያቀፈው ኃጢአት ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ በኩል የሚወርደውን መንገድ የምታውቁ ይህን ታስተውላላችሁ። ማንም በአንድ እርምጃ ከደሴ ኮምቦልቻ አይደርስም፤ አንዱን መታጠፊያ ሲያልፍ ሌላው ይቀበለዋል፤ ደሴ ከዐይኑ የተሰወረችበትን ስፍራም ለይቶ አይናገርም። ነገር ግን ቍልቍል መውረዱን ያልተወ ሰው፥ «እኔ አሁንም ደሴ ነኝ» ቢል ራሱን ያታልላል። በማንኛውም መታጠፊያ ላይ መመለስ ይችል ነበርና ማንንም አያማርር።

ይህን በአገራችን በሆነው ነገር እንመርምረው። በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ጦርነቱ ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ ደርሶ፥ ሁለቱ ከተሞች እስከ ኅዳር ወር መጨረሻ ገደማ በጦር ተይዘው በቆዩ ጊዜ፥ ብዙ ሰው ቤቱን ዘግቶ ልጆቹን አዝሎ ተሰደደ። እንዲህ ባለ ዘመን የሸሸ ጎረቤቱን ቤት ከፍቶ ዕቃውን የወሰደ፥ የነጋዴውን መጋዘን ያራቈተ፥ ወይም በቂም ተነሥቶ ሰውን ለሞት የጠቈመ ክርስቲያን ቢኖር፥ ስለዚህ ሰው ምን እንላለን? ምናልባት ከዚያ ወዲህ ጾሞአል፤ ዐሥራት ከፍሎአል፤ ጧፍ አብርቶአል። ነገር ግን የባልንጀራው የስፌት መኪና በቤቱ ጥግ ቆሞአል፤ የባልንጀራው ቆርቆሮ ጣራውን ሸፍኖለታል። ከዚያ ጣራ በታች ሆኖ በየዕለቱ ማረኝ ብሎ ሲጸልይ፥ ጣራው ራሱ ይመሰክርበታል።

ለዚህ ሰው ንስሐ ማለት ዕንባ ብቻ አይደለም። ዘኬዎስ ጌታችንን በቤቱ በተቀበለ ቀን፥ ከሀብቱ እኩሌታ ለድሆች ሊሰጥ፥ የቀማውንም አራት እጥፍ ሊመልስ ቃል ገባ፤ ያን ጊዜም ለቤቱ መዳን እንደ ሆነለት ተነገረው (ሉቃ. 19፥8—9)። ስለዚህ የወሰደ ይመልስ። ባለ ዕቃው ክርስቲያን ይሁን ሙስሊም ልዩነት የለውም፤ እግዚአብሔር አትስረቅ ሲል ከዘመድህ ብቻ ብሎ አልወሰነውምና። ባለቤቱ ሞቶ እንደ ሆነ ለወራሹ ይስጥ፤ ወራሹም ካልተገኘ በንስሐ አባቱ ምክር ለድሆች ያካፍል። ሁሉን በአንድ ጊዜ ለመመለስ ዐቅም ያነሰው ጥቂት በጥቂት ይመልስ። በሐሰት የጠቈመም የሰውየውን ስም በአደባባይ ያንጻ፤ ለቤተ ሰቡም ይካስ። ኀፍረቱ ከባድ እንደ ሆነ እናውቃለን፤ ነገር ግን ዛሬ በአንድ ጎረቤት ፊት ማፈር፥ በመላእክትና በሰው ሁሉ ፊት ከማፈር ይቀላል።

«እኔ ግን የግሸን ማርያም ቃል ኪዳን አለኝ» የሚል ይኖር ይሆናል። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ግማደ መስቀሉ በአምባሰል በግሸን ደብረ ከርቤ እንደ ተቀመጠ አባቶቻችን አስተምረውናል፤ በየዓመቱም መስከረም 21 ቀን ብዙ ሕዝብ በኮምቦልቻና በደሴ በኩል አልፎ ወደ መስቀለኛው አምባ ይወጣል። ቃል ኪዳኑን እናምናለን፤ እናከብራለንም። ነገር ግን ቃል ኪዳን የተሰጠው ለተመላሾች ነው። መስቀሉን ልሳለም ብሎ አቀበቱን የሚወጣ ሰው የተቀማውን የባልንጀራውን ገንዘብ በኪሱ ይዞ ቢወጣ፥ ከአምባው የሚወርደው ከነሸክሙ ነው። ከመስቀሉ አጠገብ ከተሰቀሉት ሁለት ወንበዴዎች አንዱ ብቻ መዳኑን አንርሳ፤ ከመስቀሉ የነበራቸው ርቀት እኩል ነበር፤ የዳነው ግን በደሉን ያመነው ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ መልሰህ ከዚያ ውጣ፤ ያን ጊዜ ቃል ኪዳኑ ይጠቅምሃል።

ደግሞ በብዙዎቻችን ዘንድ የተለመደ አንድ ክፉ ማዘግየት አለ። ሕፃን ሳለ ይቈርባል፤ ጐልማሳ ሲሆን ከቅዱስ ቍርባን ይሸሻል፤ ሽምግልና ሲመጣ እመለሳለሁ ብሎ ይቀጥራል። ሽምግልናን ለማን ማን አስረከበው? ወሎ ይህን በመከራ ተምራለች። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ረኃብ በየመንገዱ ወድቀው ከቀሩት፥ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ካለቁት መካከል ስንቱ ወጣት ነበረ! ስለ እነርሱ አንፈርድም፤ በመጨረሻይቱ ሰዓት በልባቸውና በአምላካቸው መካከል የሆነውን የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው። ቤተ ክርስቲያንም ፍትሐት ታደርስላቸዋለች፤ በ40ኛው ቀን ትጸልይላቸዋለች፤ በቅዳሴዋ ታስባቸዋለች። ነገር ግን ለሙታን የሚጸለየው ጸሎት ለሕያዋን የስንፍና ማመካኛ ሊሆን አልተሠራም። የቀኝ ወንበዴ በመጨረሻ ሰዓት መዳኑ ማንም ተስፋ እንዳይቈርጥ ነው እንጂ ማንም እንዲያዘገይ አይደለም።

ይህ ቃል ከሁሉ አስቀድሞ እኛን ካህናትን ይመለከታል። ሕዝቅኤል በ33ኛው ምዕራፍ፥ ሰይፍ ሲመጣ አይቶ መለከት ያልነፋ ጠባቂ የጠፋችውን ነፍስ ከእጁ እንደሚጠየቅ ተናግሯል። የንስሐ ልጁን ቤት ጠበል ረጭቶ፥ መስቀል አሳልሞ፥ ነገር ግን «በእጅህ የሰው ገንዘብ አለን? የተጣላኸው ሰው አለን?» ብሎ ሳይጠይቅ የሚወጣ ካህን መለከቱን አልነፋም። ቀኖና ስንሰጥም ስግደትና ጾም ብቻ ቈጥረን አንተው፤ ከስግደቱ በፊት ዕርቁንና መመለሱን እናስቀድም።

እንግዲህ ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው። አዎን፤ ክርስቲያን ንስሐ ባልገባበት ኃጢአት ድኅነቱን ሊያጣ ይችላል። የሚያጣው ግን እግዚአብሔር ምሕረቱን አንሥቶበት ሳይሆን፥ እርሱ ራሱ ምሕረቱን አልቀበልም ብሎ በሩን ከውስጥ ስለ ዘጋ ነው። ንስሐም ድኅነትን በዋጋ መግዛት አይደለም፤ የተዘረጋውን የእግዚአብሔርን እጅ መያዝ ነው። የታናሹ ልጅ አባት ልጁን ከሩቅ አይቶ ሮጠ፤ ልጁ ግን አስቀድሞ ተነሥቶ ከእሪያዎቹ ስፍራ ወጥቶ ነበር።

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፤ ይህን ያነበበ ሁሉ የሚመልሰው ነገር ካለ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይመልስ፤ የተጣላው ሰው ካለ ሄዶ ይታረቅ፤ ከንስሐ አባቱ የራቀም በዚህ ሳምንት ይቅረብ። የሰውን መመለስ የሚወድ አምላክ ለንስሐ ሞት ያብቃን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።