ያልተጠየቀው ሰው መልስ

የመመረቂያ ጽሑፍ ማስገቢያው ቀን ሲቃረብ በብዙ ተማሪ ልብ ውስጥ አንድ ሐሳብ ብልጭ ይላል። 100 መጠይቅ በትነን የተመለሰው 60 ብቻ ከሆነ፣ የቀረውን 40 ራሳችን ብንሞላው ማን ይጎዳል? አማካሪው አንድ በአንድ አይቆጥረውም፤ ጽሑፉም መደርደሪያ ላይ አቧራ ከመልበስ አያልፍም። ተወዳጆች ሆይ፣ ጥያቄው ቀላል ስለሚመስል ቆም ብለን እንመርምረው።

የመጠይቅ ውጤት ምስክርነት ነው። «ከተጠየቁት 100 ሰዎች 70ዎቹ እንዲህ አሉ» ብለን ስንጽፍ፣ ሰዎቹን አግኝተን ቃላቸውን ሰምተናል ማለታችን ነው። ያልተጠየቀውን ሰው እንደ ተናገረ አድርገን ስናቀርበው የስሌት ስሕተት አልሠራንም፤ በሐሰት መስክረናል። ግምታችን ከእውነቱ ጋር ቢገጥም እንኳ ነገሩ አይለወጥም። ያላየውን «አየሁ» ያለ ምስክር፣ ነገሩ እንደ ተናገረው ሆኖ ቢገኝም ዋሽቷል።

«ማን ይጎዳል?» ለሚለው ደግሞ የዲዴሪክ ስታፐል ታሪክ መልስ ይሰጠናል። ስታፐል በኔዘርላንድስ በቲልበርግ ዩኒቨርሲቲ የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ፕሮፌሰርና ዲን ነበር። መጠይቅ አስሞላሁ እያለ መልሶቹን ለዓመታት ብቻውን ተቀምጦ ይፈጥር ነበር። በ2011 እ.ኤ.አ. ሲጋለጥ ከ50 በላይ ጽሑፎቹ ከታተሙባቸው መጽሔቶች ተሰረዙ። ከሁሉ የሚያሳዝነው የተማሪዎቹ ጉዳይ ነው። «ሰብስቤላችኋለሁ» ብሎ የሰጣቸውን መረጃ አምነው የዶክትሬት ጽሑፋቸውን የሠሩበት ነበሩ። የደከሙበት ሥራ መሠረት የሌለው ሆኖ ተገኘ። የዋሸው አንድ ሰው ነው፤ የከሰሩት ግን ያመኑት ናቸው።

ምርምር ቅብብሎሽ ነውና። የኋለኛው ተመራማሪ የፊተኛውን ቁጥር ሁሉ እንደገና አይለካም፤ አምኖ ይቀጥላል። «የእኔ ትንሽ ናት» የምንላት ሐሰትም በዚህ እምነት ላይ ተሳፍራ እስከ የት እንደምትደርስ አናውቅም።

እውነት ዋጋ አያስከፍልም አንልም። ቤተሰብ ድግስ እያሰናዳ፣ ጓደኞች ጋውን እየለኩ፣ «40ዎቹ አልመለሱም» ብሎ መጻፍ ማርክ ሊያስቀንስ፣ ምርቃትም ሊያዘገይ ይችላል። ነገር ግን ይህም ራሱ ውጤት ነው። ሰዎቹ ለምን እንዳልመለሱ መጠየቅ ለቀጣዩ ተመራማሪ መንገድ ይጠርጋል፤ የእኛ የፈጠራ መልስ ግን ይዘጋበታል።

ስታፐልን ያጋለጡት በዚያው ክፍል የሚሠሩ 3 ወጣት ተመራማሪዎች እንደ ነበሩ አስቡ። የከሰሱት የገዛ ዲናቸውን ነው፤ ሊያጡት የሚችሉትም ከማርክ ይበልጥ ነበር። ከእኛ የሚጠበቀው ከዚያ ያነሰ ነው። የተመለሰው 60 ከሆነ፣ 60 ብለን እንጻፍ።