ዝም ያለ ሁሉ ደህና ነው?

ኩራሬ የደቡብ አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ከዕፅዋት ቀምመው ለአደን የፍላጻቸውን ጫፍ የሚቀቡት መርዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 ሃሮልድ ኪንግ የተባለ ኬሚስት ለንደን ውስጥ ከአንድ የሙዚየም ናሙና ቱቦኩራሪን የተባለውን አልካሎይድ አጣርቶ አወጣ። በ1942 ደግሞ የሞንትሪያል ሐኪሞች ከኩራሬ የተዘጋጀ መድኃኒት በቀዶ ሕክምና ጊዜ ጡንቻን ለማላላት ተጠቀሙበት።

መድኃኒቱ በርከት ብሎ የተሰጠው ሰው አይንቀሳቀስም፤ አይጮኽም። ታዲያ ሕመም አይሰማውም ማለት ነው? ስኮት ስሚዝ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ቱቦኩራሪንን በራሱ ላይ አስሞከረ። መላ ሰውነቱ ዛለ፤ የሚተነፍሰውም በሰው እርዳታ ነበር። አእምሮው ግን ንቁ ነበር፤ ሕመምም ይሰማው ነበር። መድኃኒቱ ያሰረው ነርቭ ጡንቻን የሚያዝበትን መንገድ እንጂ ስሜትን አልነበረም።

«ዝም አይነቅዝም» እንላለን። ለገዛ አንደበታችን መልካም ምክር ነው። የሌላውን ዝምታ ግን የደህንነቱ ማስረጃ ልናደርገው አንችልም። በመካከላችሁ የማያማርር፣ የማያለቅስ፣ ምንም የማይጠይቅ ሰው አለ? «ቢያመው ኖሮ ይናገር ነበር» አትበሉ። መናገር ያልቻለ ሊሆን ይችላል። ሸክሙን እርሱ እስኪያስረዳ አትጠብቁ፤ ቀርባችሁ ጠይቁት።