ልኬትና ዕጣ ፈንታ፤ ከቀዶ ሕክምና በፊት ስለሚገኝ ዕውቀት

የማኅፀን በር ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ዘንድ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታይ የካንሰር ዓይነት ሲሆን፣ መንሥኤውም ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ሂዩማን ፓፒሎማ የተባለው ቫይረስ በሰውነት ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይጠፋ መቆየቱ ነው። መንሥኤው እንዲህ ቢታወቅም፣ በሽታው በአንዲት ሴት ሰውነት ውስጥ ምን ያህል እንደዘለቀ ማወቅ ሌላ ጥያቄ ነው፤ ለዚህም ከሚያገለግሉት ምርመራዎች አንዱ በብርቱ መግነጢስና በሬዲዮ ሞገድ የውስጥ አካልን የሚያሳየው ኤም አር አይ ነው። ሐኪሙ ምስሉን በዓይኑ ከማየት አልፎ የሕብረ ሕዋሱን ጠባይ በቁጥር ሲለካ፣ ምርመራው መጠናዊ ኤም አር አይ ይባላል። የተሰወረው በቁጥር ሲገለጥ፣ ዕድሜ በፈጣሪ እጅ ናት ብሎ የሚያምን ሰው ይህን ቁጥር እንዴት ሊቀበለው ይገባል?

መልሱን ለመፈለግ ቁጥሩ ምን እንደሚለካ ማወቅ ያሻል። በጤነኛ ሕብረ ሕዋስ ውስጥ የውኃ ቅንጣቶች እንደልብ ሲንቀሳቀሱ፣ የካንሰር ሕዋሳት ተጨናንቀው በሚኖሩበት ዕጢ ውስጥ ግን እንቅስቃሴያቸው ይታገዳል፤ መሣሪያው ይህን እግድ ይለካል። ከዚህም ጋር የዕጢው ስፋት በሴንቲሜትር ይታወቃል፣ ከማኅፀን ጎንና ጎን ወዳለው ሕብረ ሕዋስ መሻገር አለመሻገሩም ይመረመራል። ዕጢው ከተሻገረ የሚመረጠው ሕክምና በአብዛኛው ጨረርና የካንሰር መድኃኒት በአንድነት ነው፤ ይህ ሳይታወቅ ቀዶ ሕክምና የተደረገላት ሴት ከቁስሏ በላይ ጨረሩንም ልትቀበል ትገደዳለች፣ የሁለቱም ጉዳት በአንድ አካል ላይ ይደራረባል። የልኬቱ ትልቁ ምሕረት እዚህ ላይ ነው፤ ምላጭ ያለ አግባብ ከመግባቱ በፊት እጅን ይገታል።

ይሁን እንጂ ቁጥሩ ዕጣ ፈንታ አይደለም። የውኃው እንቅስቃሴ ልክ ከመሣሪያ መሣሪያ ይለያያል፤ ልኬቱ የሚወሰድበትን ክፍል በምስሉ ላይ ከልሎ የሚያመለክተው ብዙ ጊዜ ሐኪሙ ራሱ ስለሆነ በቁጥሩ ውስጥ የሰው ፍርድ አለበት። ከዚህም በላይ፣ እንዲህ ያለ ልክ ያላቸው ሴቶች ብዙዎቹ እንዲህ ይሆናሉ ማለት፣ ይህች አንዲት ሴት እንዲህ ትሆናለች ማለት አይደለም። ስለ ብዙዎች የተነገረውን በአንዷ ላይ እንደ ፍርድ ማንበብ የሳይንስ ስሕተት ነው፤ ለአማኝም ቁጥርን በፈጣሪ ቦታ ማስቀመጥ ይሆንበታል።

በጉራጌ ምድር፣ በጉንችሬ ከተማና በዙሪያዋ፣ ክርስቲያንና ሙስሊም በጉርብትና ይኖራሉ፤ አማኝ ይህን ቁጥር እንዴት ይቀበለው ለሚለው ጥያቄም ከሁለቱም ወገን የቆየ መልስ አለ። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ቀኖና ውስጥ ያለው መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪም እንዲከበርና መድኃኒትም ከፈጣሪ መሆኑ እንዲታወቅ ያስተምራል፤ በእስልምናም አላህ ለበሽታ ሁሉ ፈውስ እንዳወረደ የሚናገር ሐዲስ አለ። እንግዲህ በእምነት ስም ከምርመራ መሸሽ ከሁለቱም ትምህርት ጋር አይስማማም።

ከዚህ የሚከብደው የፍትሕ ጥያቄ ነው። ከጉንችሬ የምትነሣ ታማሚ ወልቂጤን አልፋ፣ ከዚያም ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛ አዲስ አበባ ስትደርስ በሽታው አብዛኛውን ጊዜ ቀዶ ሕክምና ከሚረዳበት ደረጃ አልፎ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ትክክለኛው ልኬት የዘገየ እውነት ነው። በቡታጅራ የተካሄደ ጥናት ሴቶች ለቫይረሱ ምርመራ የሚሆን ናሙና ራሳቸው እንዲወስዱ ሲደረግ፣ በሐኪም ቤት የማኅፀን በር አሴቲክ አሲድ ተቀብቶ በዓይን ከሚታይበት ምርመራ ይልቅ እጅግ ብዙዎቹ እንደሚሳተፉ አሳይቷል። ኢትዮጵያም በ2018 እ.ኤ.አ. ለልጃገረዶች የዚሁ ቫይረስ መከላከያ ክትባት መስጠት ጀምራለች። ረቂቁን መሣሪያ መሻት ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ቀላሉ ምርመራ ገና ባልደረሰበት ቀበሌ ላሉ ሴቶች ዕዳው ሳይከፈል ረቂቁ ብቻ ቢከበር፣ ዕውቀት ለጥቂቶች የተመደበ በረከት ይሆናል።

ልኬቱ ከተገኘም በኋላ የማን ነው የሚለው ይቀራል። በኢትዮጵያ የከባድ በሽታ ዜና ብዙ ጊዜ ከታማሚዋ በፊት ለባል ወይም ለወንድም ይነገራል፤ ይህም በርኅራኄ የሚደረግ ቢሆንም፣ ዕጢው ከ2 ሴንቲሜትር ባነሰባትና ገና መውለድ በምትሻ ወጣት ላይ ከባድ በደል ሊሆን ይችላል። እንዲህ ባለች ታማሚ ላይ፣ ሌሎቹ ምርመራዎች የሚፈቅዱ ከሆነ፣ ማኅፀኑን አስቀርቶ በሩን ብቻ የሚያነሣ ቀዶ ሕክምና አለ፤ ካንሰሩ የመመለሱን ስጋትና የመውለድን ተስፋ በሚዛን የምታስቀምጠው ራሷ ናትና፣ ሐኪሙ በቅድሚያ ቁጥሩንና ቁጥሩ የማይነግረውን፣ በምትረዳው ቋንቋ፣ ለእርሷ ሊነግራት ይገባዋል።