ሌላ ምክንያት ስላልተገኘ

ክላውዲያ ፔሽታይንና ዓለም አቀፉ የስኬቲንግ ኅብረት በ2025 መጀመሪያ ላይ ታረቁ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ከሎዛን ሙኒክ፣ ከካርልስሩኸ ስትራስቡርግ ሲንከራተት አሥራ ስድስት ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ክርክር በስምምነት ተዘጋ። ክርክሩ የተነሣበት ጥያቄ ግን አልተዘጋም፦ ይህች ጀርመናዊት የበረዶ ላይ ሯጭ አበረታች ቅመም ወስዳለች ወይስ አልወሰደችም? በ2009 የግልግል ዳኞች «ወስዳለች» ብለው ወስነዋል። ከዚያ በኋላ መዝገቡን ያገላበጡት ፍርድ ቤቶች ስለ ሥነ ሥርዓት፣ ስለ ሥልጣን፣ ስለ ችሎት ግልጽነት ተናገሩ እንጂ ስለ ደሟ አልፈረዱም።

ጉዳዩ የአንዲት ስፖርተኛ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ መተው ይቻል ነበር። የሚያስጨንቀው የተፈረደባት መንገድ ነው። በሽንቷም በደሟም የተከለከለ ንጥረ ነገር አልተገኘም። ሲሰጧት ያየ ምስክር፣ የተያዘ መርፌ፣ የታመነ ቃል የለም። የነበረው አንድ ቁጥርና ለቁጥሩ ሌላ ምክንያት አለመገኘቱ ነው።

ፔሽታይን በ1972 በምሥራቅ በርሊን ተወለደች፤ ግንቡ ሲፈርስ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። በ1992 አልበርትቪል ላይ በ5000 ሜትር ነሐስ አገኘች። ከዚያ ወዲያ በተከታታይ ሦስት ኦሊምፒኮች፣ በ1994 ሊለሃመር፣ በ1998 ናጋኖ፣ በ2002 ሶልት ሌክ ሲቲ፣ የርቀቱን ወርቅ ለማንም አልሰጠችም። የናጋኖው ዛሬም ያስደንቃል፤ የአገሯን ልጅ፣ የዘመኑን ንግሥት ጉንዳ ኒማን ሽቲርነማንን ከአሥራ ሁለት ዙር ተኩል በኋላ የቀደመቻት በ0.04 ሰከንድ ነው። በሶልት ሌክ ሲቲ በ6 ደቂቃ ከ46.91 ሰከንድ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች፤ በዚያው ኦሊምፒክ የ3000 ሜትሩንም ወርቅ ጨመረች። በ2006 ቶሪኖ ላይ ከቡድኗ ጋር አምስተኛዋን ወርቅ አጠለቀች። ጠቅላላ የኦሊምፒክ ሜዳሊያዎቿ ዘጠኝ ናቸው።

ከዚያ ሀማር መጣ። በፌብሩዋሪ 2009 በኖርዌይዋ ሀማር በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ደሟ ተመረመረ። ሬቲኩሎሳይት የሚባሉት ገና ከአጥንት መቅኔ የወጡ ለጋ ቀይ የደም ሕዋሳት ናቸው፤ አካል አዲስ ደም በብዛት ሲያመርት ቁጥራቸው ይጨምራል፣ ኢ.ፒ.ኦ. የተባለውን ሆርሞን የተወጋ ሰውም ይህንኑ ያሳያል። ኅብረቱ ያስቀመጠው ጣሪያ 2.4 በመቶ ነበር። የእሷ በሁለት ቀን ውስጥ በተወሰዱ ሦስት ናሙናዎች 3.49፣ 3.54 እና 3.38 ሆነ። ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ወደ 1.37 ወረደ። በጁላይ ሁለት ዓመት ታገደች፤ በኖቬምበር ሎዛን ያለው የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት እገዳውን አጸና። የቫንኩቨር ኦሊምፒክ አመለጣት።

የውሳኔው አጥንት ሲራቆት ይህን ይመስላል፦ ቁጥሩ ያልተለመደ ነው፤ በሽታ ያመጣው ስለመሆኑ አልታየም፤ እንግዲህ ዶፒንግ ነው። ሦስተኛው ሐረግ ከሁለቱ ተወለደ ወይስ ተደነቀረ? «የንጽሕና ምክንያት አላገኘንም» ማለትና «ጥፋቱን አይተናል» ማለት በዕለት ተዕለት ንግግር ተጎራብተው ይኖራሉ፤ በፍርድ ወንበር ላይ ግን የመጀመሪያው ስለ መርማሪው እውቀት፣ ሁለተኛው ስለ ተከሳሹ የሚናገር ነው።

ለዚህ መከራከሪያ የሚቀርበው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። ማንኛውም ችሎት በአካባቢ ማስረጃ ይፈርዳል። ገዳዩን ሲገድል ያየው ሰው ባይኖርም ጫማው ላይ ያለው ደም፣ የሸሸበት ሰዓት፣ የዋሸው ውሸት ተደማምረው ያስፈርዱበታል። ስፖርት ደግሞ ከማንም በላይ ይህን ይፈልጋል፤ በቤተ ሙከራ ብቻ የሚጠብቅ ሰው ሌባ አይዝም። ብስክሌተኛው ላንስ አርምስትሮንግ ለዓመታት ምርመራ ሳያስቀጣው ኖረ፤ በ2012 የጣለው የቡድን ጓደኞቹ ምስክርነት ነበር፣ በጃንዋሪ 2013 ደግሞ ራሱ አመነ። «የተከለከለው ነገር በደሜ አልተገኘም» የሚለው ንግግር ከአርምስትሮንግ አፍም ሲወጣ የኖረ ነው። ፔሽታይን ያደገችው ደግሞ መንግሥት ራሱ ስፖርተኞቹን በመድኃኒት ያሳድግ በነበረበት አገር ነው፤ ምንም እንኳ ሥርዓቱ ሲወድቅ ገና ለጋ ብትሆንም፣ ተጠራጣሪዎቿ ጥርጣሬያቸውን ከአየር አላመጡትም።

እንግዲህ የአካባቢ ማስረጃ ሁሉ ይቅር ማለት አይቻልም። ጥያቄው የትኛው ዓይነት ነው የሚለው ነው። ጫማ ላይ ያለ ደም ወደ ሰውየው የሚያመለክት ነገር ነው፤ የቡድን ጓደኛ ቃልም እንደዚያው። በፔሽታይን ጉዳይ የተሠራበት ሌላ ነው፤ አማራጮችን አንድ በአንድ እየሰረዙ የተረፈውን መያዝ። አምስት ሰው ባደረበት ቤት ገንዘብ ቢጠፋ፣ አራቱ እንዳልሰረቁ ከታወቀ አምስተኛው ሰርቋል ማለት የሚቻለው በሩ ሌሊቱን ተቆልፎ ካደረ ነው። በሰው ደም ላይ በሩን ማን ቆለፈው?

ፊንላንዳዊው የበረዶ ሸርተቴ ሯጭ ኤሮ ማንቲራንታ በ1960ዎቹ የኦሊምፒክ ወርቆች ሲሰበስብ ሄሞግሎቢኑ ከሰው ሁሉ በላይ ነበርና ሐሜቱ አልለቀቀውም። በ1993 ሳይንቲስቶች ሰፊ ቤተሰቡን መርምረው፣ ለኢ.ፒ.ኦ. ምላሽ የሚሰጠውን ተቀባይ የሚለውጥ በዘር የሚተላለፍ ለውጥ እንዳለባቸው አገኙ። ይህ ምክንያት በ1964 አልነበረም ማለት አይቻልም፤ የሚያውቀው አልነበረም እንጂ። በዚያን ዘመን ማንቲራንታን በመሰረዝ ስሌት የከሰሰ ዳኛ ቢኖር ዝርዝሩ የተሟላ ይመስለው ነበር።

ለኢትዮጵያ አንባቢ ነገሩ ሩቅ አይደለም። በ2002 የታተመ የሲንሺያ ቢልና የባልደረቦቿ ጥናት፣ በ3,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሄሞግሎቢናቸው በባሕር ጠለል ላይ ከሚኖር ሰው እንደማይለይ አሳይቷል፤ በተመሳሳይ ከፍታ ያሉት የአንዲስ ሰዎች ግን በእጅጉ ከፍ ያለ አላቸው። ለሰው ልጅ ሁሉ አንድ ጣሪያ ማስቀመጥ የማንን ደም መለኪያ እንደሚያደርግ መጠየቅ ያስፈልጋል። እርግጥ ዓለም አቀፉ የፀረ አበረታች ቅመሞች ተቋም ይህን ችግር ያውቀዋል፤ በ2009 መጨረሻ ያጸደቀው የደም ፓስፖርት ስፖርተኛውን ከሌላ ሰው ሳይሆን ከራሱ የቆየ ታሪክ ጋር ያስተያያል፤ ከመክሰሱ በፊትም የሦስት ባለሙያዎችን ስምምነት ይጠይቃል። ይህ ትልቅ መሻሻል ነው፤ ከሀማሩ ዘዴም የተሻለ ነው። ግን ፓስፖርቱም ቢሆን «ይህ ለውጥ በራሱ የመጣ አይመስልም» ይላል እንጂ «እንዲህ ተደረገ» አይልም፤ የመጨረሻዋን ደረጃ የሚሻገረው ሁልጊዜ ሰው ነው።

ሳይንስ ቆይቶ ለፔሽታይን ቢያንስ ግማሽ ምላሽ ሰጠ። በ2010 ጌርሃርት ኤኒንገርን የመሰሉ የደም ሐኪሞች ከአባቷ የወረሰችው የቀይ ደም ሕዋስ ሽፋን ችግር እንዳለባት አስታወቁ፤ ለጋ ሕዋሳቷ ከፍ ዝቅ የሚሉት በዚህ ነው አሉ። በ2015 የጀርመን ኦሊምፒክ ስፖርት ኮንፌዴሬሽን ያቋቋመው የባለሙያዎች ጉባኤ ውሳኔው ስሕተት ነበር ብሎ ደመደመ፤ የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት አልፎንስ ሆርማንም ይቅርታ ጠየቁ። ዓለም አቀፉ ኅብረት ግን ያኔ ከአቋሙ ፈቀቅ አላለም።

አሁን ቀላሉ መደምደሚያ እጅ ላይ ይወድቃል፦ በእንዲህ ያለ ቁጥር አይቀጣ፤ ቢበዛ ለጥንቃቄ ይታገድ፤ ማገድ ሌላ፣ ወንጀለኛ ማለት ሌላ። ልዩነቱ ጥሩ ነው፣ በወረቀት ላይ። የብስክሌት ማኅበር ከ1997 ጀምሮ ይህንኑ ሞክሮታል፤ ቀይ የደም ሕዋስ ድርሻው ከ50 በመቶ ያለፈ ተወዳዳሪ ስለ ጤናው ሲባል ለሁለት ሳምንት እንዲያርፍ ይደረግ ነበር፤ ዶፒንግ ተብሎ አይመዘገብም። በጁን 1999 ብስክሌተኛው ማርኮ ፓንታኒ የጣሊያንን ዙር እየመራ ሳለ ድርሻው 52 ደረሰና ከውድድር ወጣ። ደንቡ «አርፏል» አለ። ጋዜጣውና ሕዝቡ ግን የሰማው ሌላ ነው፤ ፓንታኒ ወደ ቀድሞ ማንነቱ ሳይመለስ በ2004 ሞተ። ማረፍንና መረገምን ለመለየት የተሠራው ደንብ በአደባባይ ላይ አልለየም። ስለዚህ ቅጣቱን በጥንቃቄ ስም ብንጠራው ጉዳቱ ይቀንሳል የሚለው ተስፋ በእርግጠኝነት የሚያዝ አይደለም።

የሚቀረው ጠበብ ያለ ነገር ነው፦ በመሰረዝ የተደረሰበት ፍርድ ቢያንስ በአደባባይ ይሰማ፣ አዲስ እውቀት ሲመጣም እንዲከፈት በሩ አይታሸግ። የፔሽታይን ጉዳይ በሁለቱም ወደቀ። በሎዛን ክርክሩ በዝግ ተሰማ፤ ክፍት እንዲሆን ጠይቃ ነበር። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት በኦክቶበር 2018 የፍትሕ መብቷ በዚህ በኩል ተጥሷል ብሎ 8,000 ዩሮ ካሣ ወሰነላት፤ የግልግል ጉባኤው ነጻ አይደለም የሚለውን አቤቱታዋን ግን አልተቀበለም። በ2016 የጀርመን ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የካሣ ክሷን ውድቅ ያደረገው የግልግል ስምምነቱን ፈርመሻል በሚል ነው። የማይፈርም ስፖርተኛ አይወዳደርም፤ ፊርማው ምን ያህል የፈቃድ ፊርማ እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ። ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት በ2022 ያንን ውሳኔ ሽሮ መዝገቡን ወደ ሙኒክ መለሰላት።

ለሴትዮዋ ማዘን ሁልጊዜ ቀላል አይደለም። በ2023 የፌዴራል ፖሊስ የደንብ ልብሷን እንደለበሰች በአንድ የፓርቲ ጉባኤ ላይ ጥገኝነት የተከለከሉ ሰዎች በፍጥነት ይመለሱ ስትል ተናግራለች፤ በጀርመን የጥገኝነት ወረቀት የሚጠብቅ ሀበሻ ይህን ሰምቶ ለእሷ ፍትሕ ይሟገት ማለት ከባድ ነው። ጥርጣሬን እንደ ማስረጃ መቁጠር ምን እንደሚያደርግ ግን ያ ወረቀት ጠባቂ ከእሷ ያላነሰ ያውቃል፤ በቃለ መጠይቁ ላይ ሁለት ቀን ስላምታታ ብቻ «አልታመነም» የተባለ ሰው በየከተማው አለ።

በዚህ መካከል መሮጧን አላቆመችም። እገዳዋ ባለቀ በወሩ፣ በ2011 ኢንሴል ላይ በዓለም ሻምፒዮና ነሐስ አገኘች። በ2017 ጋንግኑንግ ላይ አርባ አምስት ዓመት ሊሞላት ቀናት ሲቀሯት በ5000 ሜትር ብር ወሰደች። በ2022 ቤይጂንግ ላይ የአገሯን ባንዲራ ይዛ ገባች፤ ስምንት የክረምት ኦሊምፒክ የተሳተፈች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በ3000 ሜትር መጨረሻ ወጣች፤ በጅምላ አነሳስ ውድድሩ ግን አምሳ ዓመት ሊሞላት ሦስት ቀን ሲቀራት ዘጠነኛ ሆና ጨረሰች። እነዚህ ዓመታት ስለ ሀማር የሚመሰክሩት ነገር የለም፤ ንጹሕ ሰውም፣ ያልተያዘ ሰውም ሃምሳ ዓመት ድረስ ሊሮጥ ይችላል። ሙኒክ ላይ በ2024 መጸው እንደገና የተጀመረው ችሎት ምናልባት በመጨረሻ ስለ ደሙ ይናገር ነበር፤ ዕርቁ ቀደመው። ለእሷ ዕርቁ መብቷ ነው፤ እልክ ይዟት ሃያ ዓመት ትከራከር የሚል ሰው የራሱን ዕድሜ አይከፍልም። ለቀጣዩ ስፖርተኛ ግን የሚጠቀስ ፍርድ አልተረፈለትም፣ የሬቲኩሎሳይት ቁጥሩ ነገ ቢዛባ ክርክሩን የሚጀምረው ፔሽታይን በ2009 ከጀመረችበት ቦታ ብዙም ሳይርቅ ነው።