ስጦታ ዕዳ ይሆናልን?

በነጻ የሰጠ ሰው ስጦታውን እስከ መቼ ይጠግን? ይህን የምንጠይቀው ስለ ኮምፒዩተር ቋንቋው ስለ ፓይተን ነው። ሦስተኛው ፓይተን እ.ኤ.አ. በ2008 ሲወጣ፣ ለሁለተኛው የተጻፉ ብዙ ፕሮግራሞች ሳይታረሙ በአዲሱ አይሠሩም ነበር። የአሮጌው ጥገና በ2015 እንዲያበቃ ተቀጥሮ፣ ተጠቃሚው ገና ስላልተሻገረ ወደ 2020 ተራዘመ። ከዚያ ቆመ።

እንግዲህ ተበደልን የሚል አለ። እውነት ነው፤ ፕሮግራሙን የሚያድስለት ባለሙያ የሌለው ቤተ ሙከራ ይቸገራል። ግን ሁለቱን ጎን ለጎን መጠገን ድርብ ድካም ነው፤ ከሚደክሙትም ብዙዎቹ ደመወዝ የላቸውም። ለደቦ የመጣ ጎረቤት ገባር አይደለም። ሆኖም ጥማዱን ትልም መሀል ፈትቶ ውልቅ ቢል እንታዘበዋለን።

ስለዚህ የሰጪው ዕዳ የዘላለም ጥገና ሳይሆን በጊዜ መናገር ነው እንላለን። ይኸ ዕዳ ተከፍሏል። የፕሮግራሙ ጽሑፍም ለሁሉ ክፍት ነውና አሮጌውን የሚሻ ራሱ ይጠግን፣ ወይም ከፍሎ ያስጠግን።

አቅም የሌለውስ? እዚህ ላይ ጣታችንን ወደ ሰጪዎቹ ብቻ መቀሰር አይገባንም። ስንቶቻችን በነጻ ተጠቅመን ዝም ብለናል! ደቦ በተራ ነው፤ አቅም ያጣውን ማገዝ የእኛ የተጠቃሚዎቹ ተራ ነው።