ጉልበት ማጠፍ

ጎልማሳ ሰው ስኬቲንግ ሲጀምር የሚፈራው መውደቅን አይመስለኝም፤ መታየትን ነው። በ2011 ዓ.ም. ጎዳና ለመኪና ተዘግቶ ለሰው የሚለቀቅበት «መንገድ ለሰው» ከተጀመረ ወዲህ እሑድ ጠዋት መስቀል አደባባይ አካባቢ ባለጎማ ጫማ ያደረጉ ልጆች ማየት ብርቅ አይደለም። ልጆቹ ሲወድቁ ይስቃሉ፣ ይነሳሉ፣ ይሄዳሉ። ወደ አርባ የተጠጋው ሰው ግን ገና መሬት ሳይነካ ማን እንዳየው ይቃኛል። ጉልበቱ ቢላጥ ግድ የለውም፤ የመሥሪያ ቤት ባልደረባው ባያይ ነው ጸሎቱ። እኔም ከነዚሁ ወገን ነኝ።

ይሉኝታ የሚቀመጠው ወገብ ላይ ነው ብዬ ማመን ጀምሬያለሁ። ሰው እያየኝ ነው ያለ ሰው ቀጥ ይላል፣ ደረቱን ይነፋል። ስኬቲንግ ላይ ቀጥ ሲባል ደግሞ ክብደት ወደ ተረከዝ ይሸሻል፤ ጫማው ከሥር ሹልክ ብሎ ወደ ፊት ይወጣል፤ ባለቤቱ በመቀመጫው ያርፋል። መዳኛው ጉልበትን አጥፎ፣ ቅልጥም የጫማውን ምላስ እስኪጫን ወደ ፊት ማዘንበል ነው። ለመናገር ቀላል ነው፤ ሰውነት ግን እሺ አይልም። የሚያስፈራው ነገር ያለው ከፊት ሆኖ ሳለ ወደዚያው አዘንብል ይባላል። ማጎንበስማ ለእኛ ብርቅ አልነበረም፤ ለታላቅ እጅ እየነሳን ነው ያደግነው። ግን እጅ ሲነሳ የሚታጠፈው ወገብ ነው። እዚህ ወገቡን ያጎነበሰ በአፍንጫው ይደፋል፤ የሚፈለገው ጉልበት ነው።

የሚያስተምረኝ ልጅ ገና ጢም አላበቀለም። «ጋሼ፣ ጉልበቶን አጠፍ አጠፍ ያድርጉት» ይለኛል፣ ወደ ኋላ እየተንሸራተተ። «እግሮን አይዩ! ወደሚሄዱበት ይዩ!» አንቱታው አልጎደለም፤ ቁጣውም አልጎደለም። እንዲህ በቀጥታ የሚያርመኝ ሰው ካጣሁ ቆይቻለሁ። ዕድሜ ሲገፋ፣ ወንበርም ሲጨመርበት፣ ሰው ስህተታችንን እያየ ዝም ይለናል፤ እኛም ዝምታውን እንደ ምስጋና እንቆጥረዋለን።

አንድ ቀን ልጁ ጎማ ፈትቶ ሲያጸዳ ውስጡን አየሁት፤ ኩሽኔታ ነው። በአንድ ጫማ አራት ጎማ፣ በእያንዳንዱ ጎማ ሁለት ኩሽኔታ፤ ለጥንዱ ጫማ 16 ይሆናል። ዲያሜትሩ 22 ሚሊ ሜትር፣ ቀዳዳው 8። እኔና እኩዮቼ ከጋራዥ ለምነን ያመጣነውን ያረጀ ኩሽኔታ እንጨት ላይ ሰክተን ቁልቁለት የወረድን ልጆች ነበርን። ፍሬን የሚባል ነገር አልነበረውም። ስለማቆም ያሰበም አልነበረም፤ አጥሩ ያቆም ነበር።

ጎልማሳ ግን ከመነሳቱ በፊት መቆሚያውን ይጠይቃል። አላዋቂነት ነው አልልም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ለንደን ውስጥ ጆሴፍ መርሊን የሚባል፣ በዛሬዋ ቤልጂየም የተወለደ የመሣሪያ ሠሪ ነበር። ባለጎማ ጫማ አጥልቆ፣ ቫዮሊን እየተጫወተ ትልቅ ግብዣ ላይ ገባ። ማቆሚያም መዞሪያም ስላልነበረው ውድ መስታወት ላይ ተላተመ፤ መስታወቱም ቫዮሊኑም ደቀቁ፣ እሱም ክፉኛ ቆሰለ ይባላል። ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ በቀኙ ጫማ ተረከዝ ላይ የጎማ ፍሬን አለ። ለመጠቀም ቀኝ እግርን ቀደም አድርጎ፣ ጣትን አንስቶ፣ ተረከዝን መጫን ነው። ይህም ቢሆን ጉልበት ሳይታጠፍ አይሆንም።

ስለ መውደቅ አንድ ነገር ልበል። የሚወድቅ ሰው ሳያስበው እጁን ይዘረጋል። አብርሃም ኮሊስ የተባለው የአየርላንድ ሐኪም በ1814 እ.ኤ.አ.፣ ራጅ ከመታወቁ በፊት፣ የገለጸው የእጅ አንጓ ስብራት በአብዛኛው በዚህ የሚመጣ ነው። ስለዚህ ከሄልሜት ጋር የእጅ አንጓ መከላከያ አትርሱ። መዳፉ ላይ ያለው ጠንካራ ፕላስቲክ አስፋልቱ ላይ ይንሸራተታል፤ ከወጌሻም ከጄሶም ያድናል።

ከሁሉ የሚገርመኝ የማታው ነገር ነው። ቅዳሜ ስለምነው እምቢ ያለ እግር፣ ተኝቼ ስነሳ እሑድ ይታዘዛል። ሳይንሱ አንጎል በእንቅልፍ የቀኑን እንቅስቃሴ ያደላድላል ይላል። እኔ ግን ይህን ሁሉ ዓመት በጥረቴና በንቃቴ ብቻ እንደተማርኩ ሳስብ ኖሬ፣ ከትምህርቴ የሚበዛው እኔ ሳልኖር የተሠራ ሊሆን እንደሚችል ሳስብ ትንሽ አፍራለሁ፤ ደስም ይለኛል። ካረጁ አይበጁ የሚለው ተረት ይህን የሌሊት ሠራተኛ አልቆጠረም።

እናንተ ግን እሑድ ጠዋት አደባባዩ ላይ ጉልበቱን አጥፎ፣ እጁን ዘርግቶ የሚመጣ ጎልማሳ ካያችሁ አትሳቁበት፤ «አይዞህ» እያላችሁም አታስደንግጡት። መንገድ ብቻ ልቀቁለት። ማቆም ገና አልተማረም።