ትንሿ ሽጉጥ

ከቡታጅራ ወይም ከወልቂጤ ገበያ ገንዘብ ይዞ የሚመለስ ነጋዴ «ትንሽዬ ሽጉጥ ብትኖረኝስ?» ቢል አንፈርድበትም። የሚያከራክረን ምርጫው ነው፤ 6.35 ሚሊሜትር ወይስ 7.65? የሁለቱንም ጥይት ያወጣው አሜሪካዊው ጆን ብራውኒንግ ነው፤ የመጀመሪያው እርሳስ 3.2 ግራም፣ የሁለተኛው 4.6 ግራም ያህል ይመዝናል። «ትንሿ ጉዳቷም ያንሳል» ይሉናል። እንዴ! ትንሽነቷ የተፈለገው ለርኅራኄ ነው ወይስ ለመደበቅ? ትንሿም ትገድላለች፤ ሰውየውን ቶሎ ስለማታስቆመው ደግሞ ደጋግሞ መተኮስ ይመጣል።

ጠመንጃ ያነገተ ሰው ቢያንስ አላታለለንም፤ አይተን ቃላችንን እንመጥናለን ወይም ዘወር እንላለን። በኪሱ የሸሸገው ግን አብሮን ቡና እየጠጣ ይህን ምርጫ ወስዶብናል። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ፈቃድ ይጠይቀዋል፤ ግን ፈቃዱን የሚሰጠው መንግሥት እንጂ አጠገቡ የተቀመጠው ሰው አይደለም። የሰባት ቤት ጉራጌ የጆካ ሸንጎ የደምን ነገር ሳይቀር በሽማግሌ ቃል ይዳኛል፤ እንዲህ ያለ ሸንጎ የሚቆመው ሰው ሳይሰጋ አፉን ሲከፍት ነው።

መንገድ ላይ ለሚዘረፈው «ተማመን» ማለት ግቢ ውስጥ ሆኖ ቀላል ነው። ይያዝ እንበል፤ ታዲያ ለምን ይደብቀናል? «ባሳያትማ ቀድመው ይቀሙኛል» ይለናል። እውነቱን ነው። ቡና ቤት ሲመጣ ግን ቤቱ ትቷት ይምጣ።